ዋናው ሥሩ ነው

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለየምሥራች በዛብህ፣

አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል እላለሁ። እኔ ከጆሮዬ፣ አባትሽ ከእግሩ በቀር ደህና ነን። ይህን ክረምት ያሻገረን አምላክ አንቺንም ከዚያ ከሊዮን ብርድ ይጋርድሽ።

"ሽታዬ በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን ይሠራላታል" እንዳትዪ። ሃያ ስምንት ዓመት የሽመና መኪና አጠገብ ቆሜ ጆሮዬ አልቋል። አንቺ በስልክ "አክስቴ" ስትዪ እኔ የምሰማው ንብ ነው። ስለዚህ እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፣ ተከራያችን ፊርዶስ ከኢንዱስትሪ ፓርክ ስትመለስ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። አንቺም የምትጽፊውን እሷ ኮምፒውተር ቤት ወስዳ ታሳትምልኛለች። ፊርዶስ አማርኛ መናገር እንጂ ማንበብ ብዙም አይሆንላትም፤ ስለ እሷም ቢሆን እንደ ልቤ መጻፍ እችላለሁ። ደህና ልጅ ናት ግን፣ ሽቶ ታበዛለች።

አባትሽን በተመለከተ፣ በስልክ ከ"ደህና ነኝ፣ አንቺስ" በላይ ስለማይወጣው እኔ ልንገርሽ። ከከዚራ ሰፈር ተነሥቶ አሸዋ ገበያ ለመድረስ አራት ቦታ ይቆማል። ሲቆም የሱቅ ዕቃ የሚያይ ያስመስላል። አንደኛው መቆሚያው የሴት ቀሚስ ከሚሰቅሉበት ሱቅ ፊት ለፊት ነበርና ሰፈሩ "በዛብህ ሊያገባ ነው" ብሎ ሁለት ሳምንት አወራ። ሴትየዋን ሁሉ አግኝተውለት ነበር፤ የጉምሩክ ጡረተኛ ናት፣ የራሷ ቤት አላት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ወሬውን እኔም ትንሽ ገፋ አድርጌው ነበር። ኋላ ነው በር ላይ ባቱን ጨብጦ ሲያቃስት የደረስኩበት።

ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት። "አባ በዛብህ፣ የደም ሥርዎ ደድሯል፣ ጠቧልም። ለእግርዎ ደም አይደርሰውም፤ ልብዎ አጠገብ ያለውም እንደዚያው ነው" አለው።

"ኖራ ይዞታል በለኛ" አለ አባትሽ።

ሐኪሙ አልገባውም። የድሬ ውሃ የሻይ ጀበናን በአንድ ወር እንደሚያነጣው፣ አባትሽ ደግሞ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ በምድር ባቡር ከቧንቧ ውስጥ ኖራ ሲፈለፍል እንደኖረ ከየት ይወቅ። "ቧንቧ ቢሆን ፈትቼ በአሲድ አጥበው ነበር፤ ይሄ ግን አይፈታም" አለና ሳቀ። ሁለት ዓይነት ክኒን አዘዙለት፣ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንቺ የምትሠሪበት ላቦራቶሪ ከዕፅዋት የሚወጣ የደም ሥር መድኃኒት የሚመራመር ነው አላልሽም? እኔማ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ዶክተር ልጅ እያለችን እንግዳ ክኒን ብቻ ስንውጥ አይከብድም? የምታውቂውን ቅጠል ጻፊልን። ወንድሜ ነው፣ ከሱ ሌላ የቀረኝ የለም።

ዐብዲቃድር፣ ያው የአባትሽ የወርክሾፕ ጓደኛ፣ ሰላም ብሎሻል። ልጁን ዋርሳንን እዚያ ታገኛታለሽ? ስማችሁ አንድ ሆኖ፣ አንቺ በአማርኛ እሷ በሶማልኛ የምሥራች ተብላችሁ አድጋችሁ፣ አንድ ከተማ ውስጥ ባትጠያየቁ ነውር ነው።

አክስትሽ ሽታዬ


ሊዮን፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወ/ሮ ሽታዬ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ ስለ አባቴ ብደነግጥም ሐኪም ዘንድ በጊዜ ስለ ወሰዱልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

የጠየቁኝን እነሆ። እዚህ ጥንቸሎች አሉን። ቅባት የበዛበት መኖ እየበሉ የደም ሥራቸው ልክ እንደ አባቴ እንዲደድር ይደረጋል። ከዚያ ግማሾቹ ከዕፅዋት የተጣራ ንጥረ ነገር ይሰጣቸዋል፤ ከቀይ ሽንኩርት ልጣጭ፣ ከእርድ፣ ከሽፈራው ቅጠልም። ከሽፈራው ቅጠል የሚወጣው አንዱ ኬርሰቲን ይባላል። ከወራት በኋላ ሲታይ የወሰዱት ጥንቸሎች የደም ሥር ካልወሰዱት ለስለስ ብሎ ይገኛል። በሰው ላይ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ቢሆንም ተስፋ አለው።

ግቢያችን ውስጥ ያለው ሽፈራው አሁንም አለ አይደል? ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅላችሁ ብትበሉት ክፋት የለውም። ቅጠል በላ ማለት ግን ዳነ ማለት አይደለም። ዋናው ሥሩ ነው። ሥሩ እስኪለሰልስ ድረስ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ለሳምንት ተሞክሮ የሚተው ነገር አይደለም። ሐኪሙ ያዘዘውንም ክኒን አያቋርጥ።

ሥራ ስለሚበዛብኝ በዚሁ ላብቃ። አባቴን ሳሙልኝ። እግዚአብሔር ለሁላችሁም ጤናውን ያብዛላችሁ።

ልጅዎ የምሥራች


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለየምሥራችዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ባለሽበት ጥላ ከለላ አይንሳሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። "እርስዎ" ማለት ምንድነው? የድሬ ልጅ "እርስዎ" ብላ ስትጽፍ ማን አየ? ደብዳቤሽን ለፊርዶስ ሳነብላት "ይቺ ልጅ ከቀበሌ ነው የምትጽፈው?" ብላ ሳቀችብኝ። ራስ ሆቴል ደጃፍ ሚኒስትር ቢያልፍ "አንተ፣ መንገዱ ጠቦሃል እንዴ" የምንል ሰዎች ነን። አንቺ በዪኝ፣ ካለበለዚያ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስለኛል።

ሁለተኛ፣ አባትሽ ደብዳቤሽን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከትቶ ነው የሚዞረው። ለሐኪሙም አሳየው። ሐኪሙ ጊዜ ስላልነበረው ላይ ላዩን አይቶ "ልጅዎ ዶክትሬቷን በምን ነው የሠራችው?" ሲለው አባትሽ ቀና አለና "በጥንቸል" አለ። ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም።

እናም አንድ ልመና አለኝ። ነጩን ጋውንሽን ለብሰሽ ላቦራቶሪው ውስጥ የተነሣሽው ፎቶ ላኪልን። አልጋው ራስጌ ልሰቅልለት ነው። ፍሬሙን ገዝቼ ጨርሻለሁ፤ ባዶውን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው ሲጠይቀኝ "ዶክተሯ እየመጣች ነው" እላለሁ። እንዳታሳፍሪኝ። ካሜራ ያለው ሰው አጠገብሽ አይጠፋም።

ወረቀቱ አለቀብኝ፣ በሁለተኛው እቀጥላለሁ።

ሁለተኛ ገጽ። ስለ መድኃኒቱ፣ እንዳዘዝሽው አድርገናል። ሽፈራው ግቢው ጥግ አለልሽ፣ አባትሽ ራሱ አካፋ ይዞ ገባበትና አንድ ጎን ቆፍሮ ሥር አወጣ። ስሙን በጠራሁ ቁጥር የሽመና ክፍል አለቃችን የነበረው ሽፈራው ትዝ እያለኝ እስቃለሁ። እሱም እንዲህ ሥሩ ተቆፍሮ ቢታይ ስንት ነገር ይወጣው ነበር።

ሥሩን አጥበን፣ ልጣጩን ፍቀን፣ ልክ እንዳልሽው እስኪለሰልስ ቀቀልነው። ግማሽ ቀን ፈጀ፣ አይለሰልስም። ሽታው ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ጠዋት አንድ የሻይ ብርጭቆ ይጠጣል።

ቀፊራ ገበያ ቅጠላ ቅጠል የምትሸጠው ናሲሞ፣ የጀልዴሳዋ፣ ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ። "ሽታዬ፣ ዋላሂ እኛ ቅጠሉን ነው የምንበላው። ሥሩን ፍየል እንኳ አይነካውም" አለችኝ። "የፈረንሳይ ዶክተር ካንቺ ፍየል ታንሳለች?" አልኳት። አኮረፈች። እንግዲህ ትዕግሥት ብለሻል፣ እንታገሣለን። መጠኑ በዝቶ ወይ አንሶ ከሆነ ግን ቶሎ ጻፊልኝ፤ ይህቺን ጥያቄ አደራ እንዳታልፊያት።

አክስትሽ


ሊዮን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርሽ አክስቴ ሽታዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? መጪው የልደት በዓል የደስታ ይሁንላችሁ። እንዳልሽኝ "አንቺ" ብዬሻለሁ፤ እጄ ግን እምቢ እያለኝ ነው፣ እዚህ አገር ሁሉንም አንቱ ማለት ለምዶብኛል።

መልሴ ስለ ዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራ ነበረብኝ፣ ትንሽም አሞኝ ነበር። ፎቶውን ልኬልሻለሁ። ብዙ ጊዜ ፎቶ አልወድም፣ ታውቂያለሽ፤ ግን ለአባቴ ከሆነ ምን ቸገረኝ። ፍሬሙ ላይ አቧራ እንዳይቀመጥበት።

እሑድ ስደውል አባቴ "መድኃኒትሽን እየወሰድኩ ነው" አለኝ። ከ"ደህና ነኝ" አልፎ ሌላ ቃል ሲጨምር ከብዙ ጊዜ ወዲህ ይህ መጀመሪያው ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። በርቱ፣ አታቋርጡ።

ለሐኪሙ ግን ስለ እኔ ብዙ ባትነግሩት ጥሩ ነው። ሐኪሞች ሌላ ሰው ሥራቸው ውስጥ ሲገባ አይወዱም።

በጸሎትሽ አስቢኝ።

የምሥራች


ድሬዳዋ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለየምሥራች፣

የጥምቀቱ በረከት ይድረስሽ። እኛ ዘንድሮ አልሄድንም፤ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

ፎቶው ደረሰ። ሰፈሩ ተሰልፎ አየው። የጉምሩኳ ጡረተኛ ሳትቀር መጣች፣ አባትሽን ለመጠየቅ ነው ብላ። ዐብዲቃድር ረጅም ጊዜ ተመለከተውና ጀርባውን ሰጥቶት ተቀመጠ። አባትሽ ደግሞ መነጽሩን አድርጎ፣ አውልቆ፣ እንደገና አድርጎ አየውና ምን አለ መሰለሽ? "እጅጌው ረዝሞባታል።" ይኸው ነው። ይህን ያህል ፍሬም ገዝቼ፣ ምስማር መትቼ፣ እጅጌው ረዝሞባታል። ወንዶች እንዲህ ናቸው።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልግባ። "አታቋርጡ" ስላልሽ፣ ስለ መጠኑ ለጠየቅኩሽም ምንም ስላላልሽ፣ ልክ ነን ብዬ ከአንድ ብርጭቆ ወደ ሁለት አደረግኩት። ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ። ከገና ወዲህ ግን አባትሽ ልክ አይደለም። የበላው አይቆይለትም። ያዞረዋል። ልቡ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ የቆመ እስኪመስለኝ ይዘገያል። እኔ ቧንቧ ሲጸዳ መጀመሪያ ቆሻሻው ነው የሚወጣው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ለሱም እንዲሁ አልኩት። "አዎ፣ መጀመሪያ ድፍርሱ ነው የሚመጣው" አለኝ። በቃ ካለ እተወዋለሁ ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ብርጭቆውን ባመጣሁለት ቁጥር ይቀበለኛል። ፊቱን እንኳ አያጨማድድም።

ሥሩን መቀቀል እናቁም ወይስ እንቀጥል? ሽፈራው በአንድ ጎኑ ሥር ስላጣ ወደ ፊርዶስ ቆርቆሮ አጋድሏል፣ በሌላው ጎን መቆፈርም ሊያስፈልግ ነው። ይህን ባየሽበት ቅጽበት መልሺልኝ። ጽሑፍ አትጠብቂ፣ ለፊርዶስ ደውዪላት። ስልኳን ይዛ አጠገቤ ትቆማለች።

አክስትሽ ሽታዬ


ሊዮን፣ የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወ/ሮ ሽታዬ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ከዚህ የተሻለ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም። ከትናንት በስቲያ አርባው ነበር፤ እኔም እዚህ ክፍሌ ውስጥ ጧፍ አበራሁ።

"አንቺ" ማለት ስላልቻልኩ ይቅር ይበሉኝ። አንቺ የሚባለው የማይፈሩት ሰው ነው።

የጥር 14ቱን ደብዳቤ ያየሁት በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ ነው። "ሥሩን መቀቀል" የሚለው ላይ ስደርስ የት እንደምወርድ ጠፋኝ። ለፊርዶስ ስደውል እናንተ ሐኪም ቤት ገብታችሁ ነበር። "በቃ፣ አይጠጣ" ብዬ ጮህኩ። እሷም "ዶክተር፣ እሱ ምንም አይጠጣም አሁን፣ በመርፌ ነው" አለችኝ። ዶክተር አለችኝ። ሦስት ቀን ቆይቶ ሄደ።

አክስቴ፣ እኔ ሥር ያልኩት የደም ሥሩን ነው። የአባቴን የደም ሥር። ስለ ጥንቸል የደም ሥር እየጻፍኩ መጥቼ፣ "የደም" የምትለዋን ቃል በየመስመሩ መድገም ሰልችቶኝ ተውኳት። አንዲት ቃል። ሥሩ እስኪለሰልስ ስል በወራት ውስጥ የሚሆን ነገር ማለቴ እንጂ ድስት ውስጥ የሚሆን ማለቴ አልነበረም። የሽፈራው ሥር፣ በተለይ ልጣጩ፣ መርዝ አለው። ይህን ሐረማያ ኬሚስትሪ ስማር ጀምሮ አውቃለሁ።

እርስዎም ጽፈውልኝ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሁሉም ነገር አለ፤ አካፋው፣ ልጣጩ፣ ናሲሞ፣ አደራ ያሉኝም ጥያቄ። ያንን ገጽ ያነበብኩት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ሁለቱ ፎቶዎች አብረው ነበር የመጡት። የመጀመሪያውን ከፍቼ "ነጩን ጋውንሽን ለብሰሽ" የሚለው ላይ ስደርስ ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ አርባ ቀን ስለ ፎቶው እንጂ ስለ ሌላ አላሰብኩም። ለምን እንደሆነ ደግሞ አሁን መንገር አለብኝ።

ጋውን የለኝም። እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። እዚህ የመጣሁበትን ትምህርት በሁለተኛው ዓመት አቋረጥኩ። ላቦራቶሪው ውስጥ የጥንቸሎቹን ሳጥን የማጥበው፣ ወለሉን የምወለውለው፣ ጥናቱ ሲያበቃ ደግሞ የሞቱትን ጥንቸሎች ከረጢት ውስጥ የምከተው እኔ ነኝ። ስለ ኬርሰቲን የማውቀው ኮሪደሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው፤ መወልወያዬን ተደግፌ አነበዋለሁ። ፎቶው ላይ ያለው ጋውን የአንዲት ረጅም ተማሪ ነው፤ ከመስቀያው ላይ አወረድኩት፣ ተነሣሁበት፣ መለስኩት።

አባቴን አልዋሸሁትም ብዬ ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ። አንድ ቀን በስልክ "ላቦራቶሪ ሥራ አገኘሁ" አልኩት። "ተመራማሪ ሆንሽ ማለት ነው? እናትሽ ይህን ሳታይ መሞቷ" አለኝ። በስልክ ካለኝ ሁሉ ረጅሙ ይኸው ነበር። ዝም አልኩ። በዝምታዬ ላይ እሱ አንድ ፎቅ ሠራ፣ እርስዎ ሌላ ፎቅ ሠሩበት፣ እኔም ገብቼ ኖርኩበት።

የሚሉኝን ሁሉ እቀበላለሁ። ዝም ብቻ አይበሉኝ።

የምሥራች


ድሬዳዋ፣ ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለየምሥራች፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ምርቃት በዚህ ወረቀት ላይ ከልቤ አይወጣምና የለመድሽውን አትጠብቂ። ሦስት ወር ዝም ያልኩት ለመቅጣት አይደለም። ወረቀት ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር የምጽፈው ሁሉ ስድብ ሆኖ እየቀደድኩት ነው።

ሐኪም ቤት የሆነውን ላንቺ የነገረሽ የለም። ወጣቱ ሐኪም "ምን ሰጣችሁት?" አለኝ። ነገርኩት። "ማነው ሥር ያዘዘላችሁ?" ሲለኝ ከአባትሽ ደረት ኪስ ደብዳቤሽን አውጥቼ በኩራት ሰጠሁት። በኩራት። ያን ቀን ደግሞ ጊዜ ነበረው፤ አነበበው፣ እንደገና አነበበው። "እማማ፣ ይሄ ሥሩ የሚለው የደም ሥራቸውን ነው እኮ፣ የዛፉን አይደለም" አለኝ። ድገምልኝ አልኩት። ጆሮዬ መስሎት ጮኾ ደገመው። አልጋው ላይ ያሉት ሁሉ ሰሙ፣ አስታማሚው ሁሉ ሰማ። አባትሽም ዓይኑን ገልጦ ነበር።

ገደለው ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። "ልባቸው ደክሞ ነበር፣ ሥሩም መርዝ ነው፤ ያለ ሥሩ ስንት ጊዜ ይቆዩ እንደነበር ግን ማንም ሊነግርዎት አይችልም" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። እኔ ግን ብርጭቆ ቆጥሬ የሰጠሁ ሰው ነኝ። አንዱን ሁለት ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ናሲሞ ለቅሶ መጥታ አጠገቤ ስትቀመጥ ስለ ፍየሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

በአንቺ ተናድጃለሁ። ስለ ሥራሽ አይደለም። እኔ ዕድሜዬን የፋብሪካ ወለል ላይ የቆምኩ ሴት፣ ሳጥን ታጥባለች ብዬ የምንቅሽ ይመስልሻል? የተናደድኩት ባላነበብሽው ገጽ ነው። ናሲሞ የሰጠችኝን ምክር በንቀት የመለስኩት ያንቺን ስም ይዤ ነው፤ ያንቺ ስም ደግሞ ስለ እጅጌ ሲጨነቅ አርባ ቀን አሳለፈ።

ሽፈራው በግንቦቱ ዝናብ ፊርዶስ ቤት ላይ ወድቋል። ቆርቆሮዋን አስጠግነናል። ግንዱን ቆርጠው ወስደው ጉቶውን ሊነቅሉ ሲሉ ይቆይ አልኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አሁን ከጉቶው ቅጠል እያወጣ ነው።

ገጹ አለቀ። ገልብጪው።

ሁለተኛ ገጽ። ባለፈው ዓርብ ዐብዲቃድር መጣ። ጁምዓውን ሰግዶ፣ የሙሸበክ ጣፋጭ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ። ተቀመጠ፣ ሙሸበኩን አልነካም። "ሽታዬ፣ የያዝኩት ነገር ሆዴን ቆረጠኝ" አለ።

ልጁ ዋርሳን የዛሬ ሁለት ዓመት ለኢድ መጥታ ሄዳ የለ? ያኔ ነግራው ነበር። አንቺን አንድ ማለዳ ባልዲና መወልወያ ይዘሽ ከዚያ ከሕንፃው ጓሮ ስትወጪ አይታሻለች፤ ዓይንሽን አዞርሽባት። ዐብዲቃድር ደግሞ ለአባትሽ ነገረው። አባትሽ ሁለት ዓመት ያህል ያውቅ ነበር፣ የምሥራች። "ወለል የሚወለውል ሰው ከሌለ የሚያድን ዶክተር የለም" ብሎ ዐብዲቃድርን አስምሎታል፤ ነገሩን ሰው ፊት እንዳያነሣው።

ታዲያ ዐብዲቃድር ብርጭቆውን ሲያይ አንድ ጠዋት ለብቻው ይዞ፣ "ዋሪያ በዛብህ፣ ልጅህ ሐኪም አለመሆኗን እያወቅክ ይሄን መራራ ለምን ትጠጣለህ?" ይለዋል።

አባትሽ ምን ቢመልስለት ጥሩ ነው? "ባልጠጣ ሽታዬ ለምን ትለኛለች። ምን ልበላት? ሽታዬ ካወቀች ድሬ አወቀ።"

ከዓርብ ጀምሮ ይህን ቃል ይዤ ነው የምተኛው፣ ይዤ ነው የምነሣው። አንቺ ያልጻፍሽው ቃል፣ እኔ የተሳሳትኩት ቃል፣ ያ ሁሉ ነበር። ብርጭቆውን ግን ያስጨረሰው የኔ አፍ ነው። ወንድሜ አፌን ፈርቶ ጠጣ። ፊቱን እንኳ ሳያጨማድድ።

ስለዚህ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለፊርዶስ አልተናገርኩም። የጉምሩኳ ሴትዮ ስትመጣ አልተናገርኩም። በሕይወቴ ወሬ ይዤ ዝም ያልኩት ይህ የመጀመሪያዬ ነው፣ ዘገየ እንጂ።

ጋውን የለበስሽበት ፎቶ አልጋው ራስጌ እንደተሰቀለ ነው። ሰው እየመጣ "ዶክተሯ ልጁ" ይላል፣ እኔም "አዎ" እላለሁ። እሱ የጠበቀውን እኔ አላፈርስበትም። አጠገቡ ግን ሌላ ምስማር መትቻለሁ። የምትሠሪበትን ልብስ ለብሰሽ፣ ባልዲሽን ይዘሽ፣ የተነሣሽው ፎቶ ላኪልኝ። እጅጌው ልክሽ የሆነውን። አባትሽ መነጽሩን እያወለቀ እያደረገ ሲፈልግ የነበረው እሱን ይመስለኛል።

ስለዚህ ፎቶ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድም ቃል አልጻፍኩም። ሲመጣ፣ ሁለተኛውን ማንበብሽን አውቃለሁ።

ሽታዬ